ከፎቶግራፉ ጎን የቆመው ወታደር

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ያልሰማ ሰው እንኳ፣ ስድስት ወታደሮች ከነፋስ ጋር እየታገሉ ባንዲራ የሚተክሉበትን ፎቶግራፍ አንድ ቀን ሳያየው አይቀርም። በመጽሐፍ ገጽ፣ በቴምብር ላይ፣ በግድግዳ ማስታወቂያ ላይ ታትሟል፤ ከነሐስ ተቀርጾም የአንድ ታላቅ አገር ሐውልት ሆኗል። ያነሣው ሰው ጆ ሮዘንታል ይባላል፤ የዜና ድርጅት ሠራተኛ እንጂ ወታደር አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ግን ከሮዘንታል በስተቀኝ፣ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር። እርሱም የሲኒማ ማንሻ መሣሪያውን በዓይኑ ላይ ደግኖ ያንኑ ባንዲራ ይመለከት ነበር። ስሙ ሃምሳ አለቃ ዊልያም ሆመር ጀናውስት ነው። ከዚያች ዕለት በኋላ በሕይወት የቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር።

የጀናውስትን የቀድሞ ኑሮ በአጭሩ ማውሳት ይበቃል። በ1899 ዓ.ም. በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ ክፍለ ሀገር፣ ሱ ፎልስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ማሪን በመባል ወደሚታወቀው የባሕር ወለድ ጦር የገባው በ1935 ዓ.ም.፣ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ዓመት በሆነው ጊዜ ነው። ባለትዳር ነበር። አብረውት ከዘመቱት አብዛኞቹ ገና ጢም በቅጡ ያላበቀሉ ጎረምሶች ሲሆኑ፣ እርሱ ዕድሜው ለታላቅ ወንድምነት አልፎ ለአባትነት የሚቀርብ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ወደ ጦር ሜዳ የተላከው ሁለት መሣሪያ ይዞ ነው፤ አንዱ ነፍስ ማጥፊያ፣ ሌላው ምስል ማንሻ።

የዚህ ዓይነቱ ወታደር ኑሮ ከሌላው ይለያል። ጥይት ሲያፏጭ ባልደረባው መሬት ይይዛል፤ እርሱ ግን የሚያነሣው ነገር እንዲታየው ቀና ማለት አለበት። የቆሰለው ጓደኛው እርዳታ ሲጣራ፣ እጁ ለመርዳትና ለማንሣት ሁለት ቦታ ይከፈላል። ጀናውስት ይህን መከፋፈል የቀመሰው አስቀድሞ በሳይፓን ደሴት ነው። በ1936 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በተደረገው በዚያ ውጊያ፣ ጠላት ከበባ ባበዛበት ሰዓት የሲኒማ መሣሪያውን አስቀምጦ በጠመንጃ ተዋግቷል፤ ጭኑንም ተመትቶ ቆስሏል። ለዚህ ሥራው የነሐስ ኮከብ ሜዳይ የተሰጠው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቁስሉ ሲሽር ወደ አገሩ ተመልሶ ማረፍ ሳይሆን፣ እንደገና ወደ ሌላ ደሴት መጓዝ ዕጣው ሆነ።

ይህችኛዋ ደሴት ኢዎ ጂማ ናት። ስሟ በጃፓንኛ የድኝ ደሴት ማለት ነው፤ መሬቷም ስሟን አያሳፍርም፤ ከስንጥቋ የሚወጣው ጭስ የድኝ ሽታ አለው፤ ጥቂት ሲቆፈርም አፈሩ ይፋጃል። ከቶኪዮ በስተደቡብ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሰፊው የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ብቻዋን ተቀምጣለች። ርዝመቷ ስምንት ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን ጠቅላላ ስፋቷ በዚያን ጊዜ ከ21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙ አይዘልም ነበር። በደቡብ ጫፏ ሱሪባቺ የሚባለው፣ 169 ሜትር ከፍታ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ይገኛል። ሁለቱ ጦሮች ይህን ያህል ደም ያፈሰሱባት ስለ ልምላሜዋ አልነበረም፤ ጃፓንን ለመደብደብ ከማሪያና ደሴቶች ለሚነሡት ከባድ አውሮፕላኖች መንገድ ላይ በመገኘቷና የአውሮፕላን ማረፊያዎች ስለነበሯት ነው።

የጃፓኑ አዛዥ ጄኔራል ታዳሚቺ ኩሪባያሺ በወጣትነታቸው በአሜሪካ የኖሩ፣ የዚያን አገር ኃይል በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ደሴቷን ከመያዝ ይልቅ ጊዜ መግዛት እንደሚቻል ስለተረዱ፣ ወታደሮቻቸው በፉከራ ወጥተው እንዳያልቁ ከልክለው መሬት ለመሬት አስቆፈሩ። ከ21,000 የማያንስ ሠራዊት በ18 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ውስጥ ገባ። አጥቂው ሲመጣ የሚያየው ባዶ ደሴት ነበር።

ማሪኖቹ ጥቁሩን ዳርቻ የረገጡት የካቲት 12 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1945 ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የካቲት 12 ሌላ ትርጉም አለው፤ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ልክ ስምንተኛ ዓመቱ ነበር። የቀኑ መገጣጠም ተራ አጋጣሚ ነው። ሆኖም ስለ ወታደርና ስለ ፎቶግራፍ ሲወሳ አንድ ነገር ማስታወሱ ከጉዳዩ አያርቅም፤ የፋሺስት ወታደሮች በገደሏቸው ሰዎች አጠገብ እየቆሙ ለመታሰቢያ የተነሷቸው ፎቶግራፎች፣ ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የወንጀል ማስረጃ አድርጎ አሳትሟቸዋል። አንሺው ያሰበውና ምስሉ የሚመሰክረው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የኢዎ ጂማውም ባንዲራ ታሪክ፣ በሌላ መንገድ፣ ይህንኑ ያሳያል።

የዳርቻው ጥቁር አሸዋ በእርግጥ አሸዋ አልነበረም፤ የእሳተ ገሞራ አመድና ጠጠር ነው። እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰጥምበታል፤ ምሽግ ሲቆፈርበትም ወዲያው ተመልሶ ይናዳል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከማሪኖቹ 2,400 ያህል ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ወታደር ፎቶግራፍ አንሺዎች ያነሷቸውን የዚያን ሰሞን ምስሎች አስተውሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ በደረታቸው የተኙ ሰዎች፣ የሰመጡ ጎማዎች፣ የተገለበጡ ጀልባዎች፣ ከበስተኋላም ተራራው። ጠላት የለም። ውጊያው ከሰው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር የሚደረግ ይመስላል።

የካቲት 16 ቀን ጠዋት በመቶ አለቃ ሽራየር የሚመራ ቡድን የሱሪባቺን አናት ወጥቶ ባንዲራ ተከለ። ይህ የመጀመሪያው ባንዲራ ነው። ይህን ያነሣው የሠራዊቱ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ወታደር ሉዊስ ላወሪ ነበር። ከዋሻ የወጡ ጃፓኖች ተኩስ ሲከፍቱና የእጅ ቦምብ ሲወረውሩ፣ ላወሪ ሕይወቱን ለማትረፍ በቁልቁለቱ ላይ ዘሎ ብዙ ተንከባለለ። ካሜራው ተሰበረ፤ ፊልሙ ግን ተረፈ። በዳርቻው ያሉ ወታደሮችና በባሕር ላይ ያሉ መርከቦች በእልልታና በጥሩንባ የተቀበሉት ይህን ትንሹን ባንዲራ ነው። በኋላ የመጣውና ዓለም የሚያውቀው ባንዲራ ሲሰቀል የጮኸ ሰው እምብዛም አልነበረም።

የሻለቃው አዛዥ የመጀመሪያው ባንዲራ ለክፍሉ ማስታወሻ ሆኖ እንዲቆይ፣ በምትኩም ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ባንዲራ እንዲሰቀል አዘዘ። ሮዘንታል ይህን ሰምቶ ወደ ተራራው ለመውጣት ሲነሣ ባዶ እጁን ነበር፤ በሕግ ጠመንጃ አይዝም። ስለዚህ መሣሪያ የታጠቁ ሁለት ወታደር ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት እንዲወጡ ጠየቀ፤ አንዱ ቦብ ካምቤል፣ ሌላው ጀናውስት ነበሩ። ሽቅብ ሲወጡ ቁልቁል ከሚወርደው ከላወሪ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ላወሪም ባንዲራው ቀድሞ መተከሉን፣ እርሱም እንዳነሣው ነገራቸው፤ ዳሩ ግን ከላይ የሚታየው ነገር መልካም ነው አላቸው። በዚህ ጊዜ ቢመለሱ ኖሮ የሚፈርድባቸው አልነበረም። አልተመለሱም።

በአናቱ ላይ ጥቂት ወታደሮች ከፍርስራሽ ውስጥ ያገኙትን የውሃ ቧንቧ እየጎተቱ አመጡ። ከባድ ነበር፤ ከ45 ኪሎ ያላነሰ። ካምቤል ወደ አንድ ጎን ሄዶ፣ አሮጌው ባንዲራ ሲወርድና አዲሱ ሲወጣ ሁለቱን በአንድ ምስል ውስጥ ያዘ። ሮዘንታል ቁመቱ አጭር ስለነበረ ድንጋይና የአሸዋ ከረጢት ደርቦ ቆመበት። ጀናውስት ወደ ጎኑ ቀረበና፣ ዕይታህን ከልዬብህ እንደሆን ንገረኝ የሚል ጥያቄ አቀረበለት። ሮዘንታል መልስ ሊሰጥ ዞር ባለበት ቅጽበት ቧንቧው ከመሬት ተነሣ። የሮዘንታል ካሜራ መስኮት የተከፈተው ለአንድ ሴኮንድ አራት መቶኛ ያህል ጊዜ ነው። ያችን ቅጽበት ሊያጣት ጥቂት የቀረው ያው ጥያቄ ስለዘገየው ነው፤ ጥያቄውን ያቀረበው ሰው መሣሪያ ግን አስቀድሞ ይዞር ነበር።

የጀናውስት መሣሪያ እንደ ግድግዳ ሰዓት በመጠምዘዝ የሚሠራ፣ አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር የቀለም ፊልም የሚጎርስ ነበር። የእያንዳንዱ ምስል ስፋት ከጣት ጥፍር አይበልጥም። የባንዲራው መነሣት በጠቅላላ ከ200 የማይበልጡ እንዲህ ያሉ ምስሎች ውስጥ ገብቷል፤ በትዕይንት ጊዜ ከአሥር ሴኮንድ ብዙ አይርቅም። ሮዘንታል ያገኘው የትግሉን ጫፍ ነው። ጀናውስት ግን የትግሉን ሙሉ አካሄድ ያዘ፤ ቧንቧው ከመሬት ሲላቀቅ፣ ትከሻዎች ሲገፉት፣ ከኋላ ያለው ሰው እጁን ሲዘረጋ፣ ነፋሱ ጨርቁን ሲዘረጋው። በሮዘንታል ምስል ውስጥ እነዚያ ሰዎች ከሰው በላይ ይመስላሉ። በጀናውስት ፊልም ግን ከባድ ዕቃ የሚያነሡ፣ የደከሙ፣ ልብሳቸው የቆሸሸ ጎልማሶች ናቸው። የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ ሥራው በሌላው ጥላ ሥር የወደቀው ግን ይህኛው ነው።

ለዚህም ምክንያቱ በከፊል የመላኪያ መንገድ ጉዳይ ነበር። የሮዘንታል ፊልም በአውሮፕላን ጓም ደርሶ ታጠበ፤ ከዚያም በሬዲዮ ተላለፈ። እሑድ፣ የካቲት 18 ቀን፣ የአሜሪካ ጋዜጦች በፊት ገጻቸው አተሙት። የላወሪ ፎቶግራፎች በወታደራዊ የፖስታ መንገድ ተጉዘው ከብዙ ቀን በኋላ ደረሱ። የጀናውስት የቀለም ፊልም ደግሞ በየጦር ሜዳው የሚታጠብ ዓይነት አልነበረም። በዚህ ላይ ሮዘንታል ጓም ሲደርስ፣ ፎቶግራፉ በማሰናዳት የተነሣ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ የሚጠይቁት ወታደሮቹ በባንዲራው ሥር ተሰብስበው ስለተነሡት ሌላ ምስል መስሎት አዎን አለ። ከዚህ አንዲት ቃል ለዓመታት ያልጠፋ ሐሜት ተወለደ፤ ምስሉ ትያትር ነው ተባለ። ሐሜቱን የሚያፈርሰው ብርቱ ምስክር የጀናውስት ፊልም ነበር። ማንም ተመልሶ እንዲያዝ ያልጠየቀው፣ ሰዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሠሩት የሚታይ ሥራ ነውና።

ምስክሩ ግን ምስክርነቱን አላየም። የካቲት 25 ቀን፣ በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ኮረብታ 362-ኤ በሚባለው ሥፍራ፣ ማሪኖች የአንድ ዋሻ ውስጥ ጠላት መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ፈለጉ። ጀናውስት የእጅ ባትሪ ይዞ ገባ። በዋሻው የነበሩት ተኮሱበት። ብርሃን የያዘ ሰው በጨለማ ውስጥ ቀድሞ ይታያል። አስከሬኑን ለማውጣት የሚቻል ስላልሆነ የዋሻው አፍ በፈንጂና በአፈር ተዘጋ። ዕድሜው 38 ነበር።

ውጊያው መጋቢት 17 ቀን ተፈጸመ ሲባል፣ ከአሜሪካኖቹ 6,800 ያህል ሞተዋል፤ ከቆሰሉት ጋር ቁጥሩ ወደ 26,000 ይጠጋል። ከጃፓኖቹ በሕይወት የተማረኩት፣ በኋላ ከየዋሻው የወጡት ጭምር፣ ከአንድ ሺህ ጥቂት ይበልጣሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እጃቸውን የሰጡት በ1941 ዓ.ም. ነው። ባንዲራውን ከተከሉት ስድስቱ ሦስቱ፣ ስትራንክ፣ ብሎክና ሱስሊ፣ ከደሴቲቱ አልወጡም።

የቀሩት ሦስት ናቸው ተብሎ ወደ አገር ቤት ተጠሩ። መንግሥት ለጦርነቱ ገንዘብ የሚሰበስብበት የቦንድ ሽያጭ በፎቶግራፉ ስም ተዘጋጅቶ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እዚህ ላይ ነው የስም ጉዳይ የሚጀምረው። በፎቶግራፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፊት በአብዛኛው አይታይም፤ ስለዚህ ስም የሰጣቸው የሰው አፍ ነው። የፒማ ነገድ ተወላጅ የሆነው አይራ ሄይስ፣ ከቧንቧው ሥር ያጎነበሰው ሟቹ ብሎክ መሆኑን ገና ከመነሻው ተናግሮ ነበር፤ ስሙ አንዴ ታውጇልና ዝም በል ተባለ። ዝምታው አላስችል ሲለው በ1938 ዓ.ም. በየመንገዱ መኪና እየለመነ ከአሪዞና ተነሥቶ ቴክሳስ ድረስ ሄደና ለሟቹ አባት እውነቱን ነገረ። በማግሥቱ ዓመት ስህተቱ ታረመ። የነሐሱ ሐውልት ኅዳር 1 ቀን 1947 ዓ.ም. በአርሊንግተን ሲመረቅ ሄይስ ተገኝቷል፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር ሞተ።

ሐውልቱ ሲመረቅም ገና ሁለት የተሳሳቱ ስሞች እንደነበሩ ያወቀ አልነበረም። ያወቁት ቢኖሩም አልተናገሩም። ስድሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በጦር መኮንንነት ሳይሆን በፍቅር ታሪክ የሚመረምሩ ሰዎች፣ አንዱ በአሜሪካ ኦማሃ፣ ሌላው በአየርላንድ ሆነው፣ ምስሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው አስተዋሉ። አስታማሚው ጆን ብራድሌይ ነው የተባለው ሰው ዝናር ታጥቋል፤ የሽቦ መቁረጫ ጉጠት ይዟል፤ የሱሪው ጫፍ አልተቀለበሰም። የአስታማሚው ሱሪ ግን በዚያው ዕለት በተነሣው ሌላ ፎቶግራፍ የተቀለበሰ ነው። የአንድ ጦርነት ታላቅ ምልክት በሱሪ እጥፋት ሊፈተን መቻሉ ያስገርማል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ማሪን ጦር ስህተቱን አምኖ፣ በብራድሌይ ስም ሲጠራ ከኖረው ቅጂ በመነሣት ሥፍራዎቹን እንደገና ሲያስተካክል፣ ከስድስቱ አንዱ ሃሮልድ ሹልዝ መሆኑን አስታወቀ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ደግሞ ሬኔ ጋኞን በተባለው ሥፍራ የቆመው ሃሮልድ ኬለር መሆኑ ተረጋገጠ። ሁለቱም የተቀየሩ ሰዎች ሐሰተኞች ናቸው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ብራድሌይ በመጀመሪያው ባንዲራ ተከላ ተካፍሏል፤ ጋኞንም ትልቁን ባንዲራ ወደ ተራራው ይዞ የወጣ ነው።

የኬለርን ፊት ለመለየት ከረዱት መካከል የጀናውስት ፊልም አንዱ ነበር። ሮዘንታል በአንዲት ቅጽበት የዘጋውን በር፣ የጀናውስት ቀጣይ ምስሎች ይከፍቱታል፤ በቋሚው ምስል ከሌላ ሰው በስተጀርባ የተሸሸገ ፊት በሚንቀሳቀሰው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ይላልና። በዋሻ ውስጥ የቀረ ሰው፣ ከሰባ አራት ዓመት በኋላ ለሌላው ስሙን መለሰለት።

ሹልዝ ይህን ሳያይ ሞቷል። ከጦርነቱ በኋላ በሎስ አንጀለስ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ ኖሮ በግንቦት 1987 ዓ.ም. ነው ያረፈው። አንድ ጊዜ በእራት ላይ ለእንጀራ ልጁ፣ ባንዲራውን ከተከሉት አንዱ እንደነበረ ነግሯታል። ጀግና ነህ ስትለው ግን አይደለሁም፣ ማሪን ነበርሁ ብሎ ነገሩን ዘጋው። ለምን ዝም እንዳለ የሚያስረዳ ሰው የለም። ምናልባት ከጎኑ የሞቱትን እያሰበ ነገሩን የራሱ ማድረግ አልወደደ ይሆናል።

የወታደሮቹ ካሜራዎች ያላገኟቸው ሰዎችም አሉ። ከውጊያው በፊት በደሴቲቱ አንድ ሺህ ያህል ሲቪል ነዋሪዎች ነበሩ፤ ሸንኮራ አገዳ ይተክሉ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ድኝ ያወጡ ነበር። በ1936 ዓ.ም. ክረምት ወደ ዋናው የጃፓን ምድር ተወሰዱ፤ መቶ ያህል ወንዶች ግን ለጦሩ ጉልበት ሥራ እንዲቀሩ ተደርጎ አብዛኞቹ ከወታደሮቹ ጋር አለቁ። ደሴቲቱ በሰኔ 1960 ዓ.ም. ለጃፓን ተመለሰች፤ ሰዎቹ ግን ወደ ቤታቸው ተመልሰው እንዲኖሩ አልተፈቀደላቸውም። ዛሬ የሚገኝባት የጦር ሠራዊት ነው። ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የጃፓን ወታደሮች አጽም እስካሁን ከመሬቷ አልወጣም። ጀናውስትን የገደሉትም ሰዎች ከእርሱ ጋር በዚያው ኮረብታ ሥር መሆናቸውን መገመት ይቻላል።

ሹልዝ ባረፈበት በ1987 ዓ.ም. በሱሪባቺ አናት ላይ፣ ባንዲራው በተተከለበት አቅራቢያ፣ የጀናውስትን ስም የያዘ የነሐስ ጽሑፍ ቆመ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት አጽም ፈላጊ ቡድን ወደ ደሴቲቱ ሄዶ በኮረብታ 362-ኤ የዋሻውን አፍ ሲፈልግ ሰነበተ። ጀናውስትን ሳያገኝ ተመለሰ። በየዓመቱ በመጋቢት ግድም ለመታሰቢያ የሚፈቀድላቸው የሁለቱ አገሮች ሰዎች በደሴቲቱ የሚቆዩት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ብዙዎቹ ጥቁሩን አሸዋ በጠርሙስ ቀድተው ይዘው ይሄዳሉ። ከነሐሱ ጽሑፍ እስከ ኮረብታው ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው።